የኮመጠጠ ተልባ

በጣልያን ዘመን፣ ከቡሬ ወዲህ ያለው የሰፈራችን ሚካኤል ሲቃጠል ታቦቱን አትርፈን መጻሕፍቱን አጣን። ያን ጊዜ ብራና ጸሐፊ ነበርሁ፤ በእጅ ጽሕፈቴም የምኩራራ ሰው ነበርሁ። የኅዳር ሚካኤል ያለ ንባቡ ሊያልፍ ነው ብለን ስንጨነቅ፣ በቋሪት ያለ አንድ ደብር የንባቡን መጽሐፍ አዋሰን። እነሱም ለዚያው በዓል ስለሚፈልጉት የኅዳሩን ንባብ በዐሥር ቀን ገልብጬ መመለስ ነበረብኝ።

ብራና አልቸገረኝም። የጎደለኝ የግራር ሙጫ ነው። ቀለም የምናደርገውን ጥላሸት ከብራናው ጋር የሚያጣብቀው እሱ ነው፤ ከዓባይ በረሃ የሚያመጡት ነጋዴዎች ደግሞ ጣልያን መንገዱን ስለያዘው ከቀሩ ሰንብተዋል። እኔም አዋቂ ነኝና ተልባ ዘፍዝፌ፣ ውሃውን አጥልዬ ከጥላሸቱ ጋር በጠበጥሁት።

ጉድ ፈላ። ብርዑን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ቀለሙ እንደ ማር እየተሳበ ይከተለኛል፤ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ጥቁር ክር ይዘረጋል። ወፍሮ ነው ብዬ ውሃ ጨመርሁበት። ቀለሙ ገረጣ፣ ክሩ ግን አልጠፋም። ሁለት ቅጠል ብራና አበላሸሁ፣ አራት ቀንም በከንቱ አለፈ። በንዴት የቤቱን ሰው ሁሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣሁት።

ባለቤቴ ስታየኝ ቆይታ፣ «አንቱ፣ ተልባው እኮ ገና ትኩስ ነው። ምድጃ ዳር ሰንብቶ ሲኮመጥጥ ዝልግልግነቱ ይጠፋል። ስንቴ ደፍቸዋለሁ!» አለችኝ።

«የመልአኩን ንባብ በተበላሸ ተልባ ልጻፍ?»

«በደህናው ምን ጻፉበት?»

ተነሥታ አንድ ማሰሮ አቀረበችልኝ። ለካ ከመጀመሪያው ቀን የተረፈውን ሳትነግረኝ ምድጃ ዳር አቆይታልኝ ኖሯል። ሽታው አይጣል ነው፤ አፍንጫዬን ይዤ ከጥላሸት ጋር በጠበጥሁት። ብርዑ ቀለሙን ለቀቀ፣ ፊደሉም በቦታው ቆመ። ሲደርቅ በአውራ ጣቴ አሸሁት፤ ጣቴ ንጹሕ ሆኖ ተነሣ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዓመታት በኋላ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ልጃችን ምክንያቱን ነገረኝ። የግራር ሙጫ ሞለኪዩል ቅርንጫፉ የበዛና በራሱ ላይ የተሰበሰበ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ቢሟሟም ውሃው በቀላሉ ይፈሳል። የተልባው ግን ረጅም ሰንሰለት ስለሆነ ጥቂቱ እንኳ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይሳባል። ሲኮመጥጥ ሰንሰለቱ ይቆራረጣል። እናቱ ይህን ሰምታ፣ «ይህችን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርኸው?» አለችው።

መጽሐፉን በቀጠሮው መለስሁ። በበዓሉ ዕለት በተቃጠለው ግድግዳ መካከል ዳስ ጥለን፣ ንባቡን ከራሴ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርሁ። ሕዝቡ ዘንድሮ አይነበብም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበርና እልልታው አላስቀጥል አለኝ። ቀና ስል ባለቤቴ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ታለቅሳለች። የእኔም ዓይን እንባ ሞላና መስመሩ ጠፋኝ። ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀኝ፤ እንባዬን ጠርጌ እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው።