ፕሮፌሰሩ የጠየቁኝ በሽተኛ

ሐኪም ነኝ። ለውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ካመለከትኩ በኋላ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። በመጨረሻ ተደውሎ "ነገ ጠዋት ለኢንተርቪው ነይ" ተባልኩ። ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አላስችል ቢለኝ ከሰፈሬ ከቀጨኔ ቁልቁል እስከ ሆስፒታሉ በእግሬ ሄድኩ።

ቢሮው ውስጥ የጠበቁኝ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ፈታኞች መንገድ ተዘግቶባቸው ነው አሉኝ። ፕሮፌሰሩ በቁጣቸው የታወቁ ስለሆኑ ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም።

ስለ ራሴ ልናገር ያጠናሁት ሁሉ ቀረ።

"አንድ ሽማግሌ ደረቱን ያመዋል፤ ምን ትጠይቂዋለሽ?" አሉ።

"እ... ማለቴ፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ይሄዳል ወይ እላለሁ።"

"ወደ ግራው ይሄዳል።"

"መቼ ጀመረው?"

"ቁርስ ላይ። ቃር ነው ብሎ ዝም አለ።"

"ያልበዋል?"

"አሁን ጀምሮታል።"

ድምፃቸው እየደከመ ሲሄድ በመልሴ ተስፋ የቆረጡ መሰለኝ።

"የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ ይሆናል። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል መግባት አለበት" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

ወጥመድ መሰለኝ። በቃ፣ የመጣው ይምጣ አልኩና "እርግጠኛ ነኝ" ብዬ ቀና አልኩ።

ፕሮፌሰሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

"በይ እንግዲያው፣ ልጄ፣ ስትሬቸር አስመጪልኝ" አሉኝ።