ጎረቤት የማይወደው ባሕር ዛፍ

በደርግ ጊዜ፣ ገርጂ ገና ከተማም ገጠርም ሳትሆን፣ ቀበሌያችን በጎመን ተለከፈ። እያንዳንዱ ግቢ የአትክልት መደብ እንዲያወጣ ታዘዘ። እኛ ግቢ ባዶ የነበረው ከሁለቱ ባሕር ዛፎች ሥር ያለው ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያው ተከልኩ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጅ ካሳለ ሳንባው፣ ከዘገየ መኪና ነው የሚታየኝ። ጎመኑንም እንደ አራስ ልጅ ያዝኩት። እሱ ግን ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፋ።

የአትክልት ኮሚቴው ሰብሳቢ ሊጎበኝ መጣ። "መሬቱ ተርቧል፤ የባሕር ዛፉን ቅጠል ጠርገሽ ቅበሪበት፣ ማዳበሪያ ይሆናል" አለኝ። ቀበርኩ። መደቡ ጉንፋን የያዘው ሰው የታጠነበት ቤት ይመስል መሽተት ጀመረ፤ የተረፈውም ጎመን አለቀ።

ሰብሳቢው ተመልሶ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። "ይሄ አሻጥር ነው። እሑድ ስብሰባ ላይ መጥተሽ አስረጂ።"

ያኔ በአሻጥር ተጠርተው ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ ነበሩ። ባለቤቴ ግን ሳቀ። "በጎመን ልትታሰሪ? ክትፎ ቢሆን እንኳ ወግ ነበረው!" እሱ ሲቀልድ እኔ ሹራብና ዳቦ ቆሎ ቋጠርኩ።

ቅዳሜ፣ የሰብሳቢው ሚስት እንድታማልደኝ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። እሱ አልነበረም። ሚስትየው እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። እዚያም ባሕር ዛፍ፣ ከሥሩም ደልደል ያለ ጎመን። አንዱን ሳብ ስታደርገው ሥር የለውም!

"ከገበያ እየገዛሁ ነው የምሰካው፤ ጠውለግ ሲል እቀቅልለታለሁ፣ ሌላ እሰካለሁ" አለችኝ። "አንቺ ደግሞ እውነት ተከልሽ? ባሕር ዛፍ እኮ ጎረቤት አይወድም። ሥሩ ውኃውን ይጨርሳል፣ ቅጠሉ መርዙን ያንጠባጥባል።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪውም?"

"ነገርኩት። ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው አለኝ።"

እሑድ ስብሰባው ላይ ተነሺ ስባል ቋጠሮዬን ይዤ ተነሣሁ። "ጓድ፣ ዛፉ ነው የገደለው" አልኩ።

"ዛፍ አሻጥር ይሠራል?" አለ ሰብሳቢው።

ከሴቶቹ መካከል ሚስቱ ብድግ አለች። "ጓድ ሰብሳቢ! ከባሕር ዛፍ ሥር ጎመን አብቅሎ የበላ ካለ እጁን ያውጣ!"

ማንም አላወጣም። ሰብሳቢው ራሱ እጁን ከፍ ማድረግ ጀምሮ ነበር፤ የሚስቱን ዓይን ሲያይ ጭንቅላቱን አከከበት።

ትንሽ አሰበና ፈረደ፦ "ብቻውን መኖር የሚፈልግ አድኃሪ ዛፍ ነው! ይቆረጥ!" አጨበጨብን፤ የእኔ ጭብጨባ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። የቋጠርኩትን ዳቦ ቆሎ ልጆቼ ያን ዕለት ጨረሱት።

ዛፎቹ ተቆረጡ። መሬቱ ግን የቀበርኩበትን ቅጠል አልረሳም፤ በሚቀጥለውም ክረምት ጎመን እምቢ አለ። ጉብኝቱ ሲደርስ ገበያ ወረድኩ። ሰብሳቢው መደቤ ፊት ቆሞ በኩራት፣ "አየሽ ዛፉ ሲቆረጥ?" አለኝ።

"አየሁ፣ ጓድ" አልኩና፣ ነካ እንዳያደርገው በእሱና በጎመኑ መካከል ገባሁ።