ባኪዋ ጥቁር ያወለቀች ሰሞን

ጎረቤቴ ሲፖ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ያቃተው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የመኪናውን የውስጥ ፕላስቲኮች አንድ በአንድ ፈትቶ አጥራችን ላይ ደርድሮ ግራጫውን ወደ ቡናማ ሲቀይር ዋለ። እኔ ኮዝሞ ሲቲ ካለችው ቤቴ ጓሮ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ የሚረጨው ቀለም ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው፣ እርጥብ አንሶላ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሰላም እንኳ ሳልለው በሳሙና አጥበኸዋል ወይ አልኩት፤ ሁለቴ አጥቤዋለሁ አለኝ። ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ፕራይመርስ ስለው ቆርቆሮውን አንስቶ አሳየኝና፣ አንቺ ደግሞ ይሄን ከየት አወቅሽው ብሎ ሳቀብኝ። ከየት እንዳወቅኩት በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ስለረዘመብኝ እኔም ስቄ ገባሁ።

አባዬ እዚሁ በተሰደድንበት አገር፣ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ ነበረው። እኔ ያደግኩት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ በዳቦ፣ በሳሙናና በላምባ ሽታ መሐል ነው፤ ደንበኛው ሁሉ ማይ ፍሬንድ እያለ ስለሚጠራውም ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ የአባቴ ስም እሱ ይመስለኝ ነበር። ዕቃ የሚያመላልስባት ከኋላዋ ክፍት የሆነች አሮጌ መኪና ነበረችው፤ እዚህ አገር ባኪ ይሏታል። ከፊት አንድ ወጥ መቀመጫ ብቻ ስላላት ሦስታችን ተጣብቀን እንቀመጣለን፣ እኔ መሐል፣ እማዬ በበሩ በኩል። ከዳሽቦርዱ እስከ በሮቿ ውስጧ ጥቁር ፕላስቲክ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አያቴ፣ የእማዬ እናት፣ አገር ቤት ሆሳዕና ከተማ ሞተች። መርዶው የተነገረው እንደ ደንቡ ነው፤ አባዬ ስልኩ ከተደወለለት በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም እንዳልሰማ ሰው ዳቦ ሲሸጥ ሰንብቶ፣ በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋጋ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ተሰብስበው መጡና ነገሯት። እማዬ ግን ለለቅሶ መሄድ አልቻለችም። ያለን የጥገኝነት ወረቀት፣ ሁሉም ሰው ፔፐር የሚለው፣ አንዴ ከአገር ከወጡ መመለስ አያስችልም፤ ሄደች ማለት እኔንና አባዬን ትታን ቀረች ማለት ነበር። ስለዚህ አንድ ጥቁር ቀሚስ ገዛች፣ እሱኑ እያጠበች እሱኑ ለበሰች።

ዓመቱ ሞላ። ሴቶቹ አዲስ ልብስ ይዘው ጥቁሩን ሊያስወልቋት መጡ፣ ፓስተሩም መጥቶ መከራት፤ እማዬ ሁሉንም ሻይ አጠጥታ ሸኘቻቸው። መቃብሯን ሳላይ ምኑን አወልቃለሁ ነበር መልሷ። ለደንበኛ ሳውቦና ብላ ሰላም ከማለት ያለፈ ቃል አይወጣትም፤ ፀጉሬን ስትሠራኝ እንኳ እጇ እንጂ እሷ አጠገቤ የለችም። እናቴን በቁሟ አጥቻት ነበር፤ ይመልስልኝ ብዬ በልጅ አፌ እጸልይ ነበር።

አባዬ ደግሞ ማባበል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እንዲያው ሲጨንቀው ሰንብቶ አንድ ቅዳሜ ባኪዋን ከሱቁ ኋላ አቁሞ በካቻቢቴ ይፈታታት ጀመር። እማዬ ምን ልትሆን ነው ስትለው አርጅታለች፣ ላድሳት ነው ብሎ መፍታቱን ቀጠለ። ብሎኖቹን በማርጋሪን ክዳን ሰብስቤ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቀለሙን ልንገዛም አብረን ሄድን። ክሬም መረጠ። ሻጩ ፕላስቲክ እንዲሁ ቀለም አይዝም፣ በሳሙና እጠበው፣ ከዚያ ይሄን ፕራይመር አስቀድም ብሎ ሌላ ቆርቆሮ ሲያወርድለት፣ አባዬ ዬቦ ዬቦ፣ እሺ እሺ፣ እያለ ቆርቆሮውን ሳይገዛ በፈገግታ መለሰለት። ውጭ ስንወጣ፣ እሱ ራሱ ሻማ ለሚገዛው ሁሉ ክብሪት የሚያስይዝ ነጋዴ ስለሆነ በዚህ ዘዴ እንደማይሸወድ በኩራት ነገረኝ። ሳሙናውንም ናቀው። ሱቁ ውስጥ የሌለ ነገር ዓለም ላይ አያስፈልግም ባይ ነበርና ከምንሸጠው ላምባ ቀድቶ ፕላስቲኩን ወለወለው፤ ሲያብረቀርቅለት ጊዜ ደስ አለው፣ በላዩም ቀለሙን ረጨበት። ወይ አባዬ! እውነቱን ለመናገር ግን ሲያልቅ ያምር ነበር፤ ባኪዋ መስኮት የተከፈተላት ቤት መሰለች።

በማግስቱ እሁድ፣ በዚያ በጥር ሙቀት፣ ጄፒ የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ሄድን። እማዬ ባኪዋ ውስጥ ገብታ ዙሪያውን አየች፣ ክንዷን በሩ ላይ አስደግፋ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። አባዬ በየትራፊክ መብራቱ ሰረቅ እያደረገ ያያታል። ደርሰን ልትወርድ ስትል ግን በሩ ክንዷን አልለቅም አላት፤ ስባ ስታላቅቀው ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ቀሚሱ ክሬም ሆኖ ቁጭ አለ፣ በሩ ላይ ደግሞ የክንዷ ቅርጽ በጥቁር ቀረ።

አባዬ ሮጦ ዞሮ መጣ፤ በመሐረቡ ልጥረግልሽ ብሎ ቀለሙን ይባስ እስከ አንጓዋ አወረደው። እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም። እማዬ እጁን ያዘችና ለምን እንደቀባው ጠየቀችው።

«ከአንቺ ላይ ማስወለቅ ቢያቅተኝ፣ ከመኪናዋ ላይ ላውልቀው ብዬ ነው» አላት ጫማውን እያየ።

እማዬ ተመልሳ መቀመጫው ላይ ተቀመጠች። በሀዲይኛ እናቷን በስሟ እየጠራች፣ ከመርዶው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ አባዬ ፀሐዩን በጀርባው ከልሎላት በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ እጅጌዋን አየችና ሳቅ አመለጣት። ልቅሶና ሳቅ ባንድ ጊዜ ሲወጣት ፈርቼ ጉልበቷ ላይ ተጠመጠምኩ፤ እሷም አቀፈችኝ፣ የእውነት አቀፈችኝ። ከመዘምራኑ አንዷ ትርፍ ሰማያዊ የዝማሬ ልብሷን አመጣችላት፤ ለመዝሙር ድምፅ የሚባል የሌላት እናቴ ያን ቀን በመዘምራን ልብስ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አመለከች። ጥቁሩ ቀሚስ ቢታጠብም አልለቀቀም፣ ሌላም አልገዛችም። ባኪዋ ክረምቱን ሙሉ እየተላጠች ከረመች፤ ማንም የሳቀባት ግን የለም።

አባዬ ካረፈ ዘንድሮ ሦስት ዓመቱ ነው። በቀብሩ ጠዋት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሼ ከክፍሌ ስወጣ እማዬ አረንጓዴ የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች፤ ለቅሶ የመጡት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። ጠጋ ብላ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«አውልቂው ልጄ» አለችኝ። «አባትሽ በዚህ አንዴ ለፍቷል።»

ገብቼ አወለቅኩት። ከዚያ ወዲህ ያዘንኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው፣ አይዞሽ የሚለኝም ሰው አላጣሁም፤ ሐዘኔን ሊያወልቅልኝ በገዛ እጁ የሚለፋ፣ የሚያበላሽም ቢሆን፣ እንደሱ ያለ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።