በሁለት ክፍል የታየው ተሸካሚ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የጎረቤቴ የማስረሻ ነው የሚሉ አሉ። ማስረሻ ለፈለፈ እንጂ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ሙሉመቤት፣ መርካቶ ዱባይ ተራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ የምሸጠው።

ያን ሰሞን እሁድ እሁድ የሚተላለፍ «የተዘጋው መጋዘን» የሚባል ተከታታይ ድራማ ነበር። አንድ የበርበሬ ነጋዴ በ1987 ጎጃም በረንዳ ወዳለው መጋዘኑ እንደገባ ይቀራል። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ግን ውስጥ ተገኘ። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ልጁ አድጋ ማን እንደገደለው ትፈልጋለች። ድራማው አንዴ ወደ ድሮ፣ አንዴ ወደ አሁን ይመላለሳል፤ የቱ መቼ እንደሆነ ለመለየት ራስ ያዞራል። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስንከፍት ደንበኛ አቁመን የምናወራው እሱን ነበር። እኔ ሚስትየዋ ናት ባይ ነበርኩ። ፊት ለፊቴ ጫማ የሚያከፋፍለው ሁዛይፋ ነጋዴው አልሞተም፣ ጅዳ ተቀምጧል ብሎ ድርቅ አለ። የስልክ ሽፋን የሚሸጠው ጎረቤቴ ማስረሻ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍቶ ትንታኔ ይሰጣል፤ የትኛው ነገር በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ሠንጠረዥ ሁሉ ሠርቶለታል። ለንግዱ እንደዚህ ብትተጋ ኖሮ ይሄኔ ፎቅ ነበረህ እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ነገሩ የመጣው ክፍል ስምንት በታየ ማግስት ነው። ክፍል ሦስት ላይ፣ ነጋዴው በጠፋበት ቀን፣ በመጋዘኑ በር ፊት ጆንያ የተሸከመ ሰው ያልፋል፤ አረንጓዴ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ የተተረተረ። ክፍል ስምንት ላይ ልጅቷ ከስንት ዓመት በኋላ እዚያው በር ላይ ስትቆም ያው ሰው፣ በዚያው ሹራብ፣ በዚያው ትርትር፣ ጆንያ ተሸክሞ አለፈ። አንዴ ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ። አንዲት ቀን እንኳን አላረጀም። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ፊት ሲያይ እኔ ክር ነው የማየው። ሮጬ ለማስረሻ ነገርኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ማስረሻ ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አድርጎ «ገዳዩ ይኸውላችሁ» ብሎ ለጠፈው። ትንታኔው ረጅም ነው። ባጭሩ 1987 የሚባለው ውሸት ነው፣ ድሮና አሁን እያሉ የሚያሳዩን ሁሉ የሆነው በአንድ ቀን ነው፣ ለዚህም ማስረጃው ይህ የማያረጅ ተሸካሚ ነው ይላል። በሦስት ቀን ስንት ሺህ ሰው ተቀባበለው። ሌሎቹም ፊቱን በቀይ ከበው ቪዲዮ ሠሩበት፤ ጆንያው ውስጥ ያለው ሬሳው ነው ያለም ነበር። እኔ ደግሞ ኩራቴ! መጋረጃ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ መጀመሪያ ያየሁት እኮ እኔ ነኝ እላለሁ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ወልደሚካኤል ዕቃዬን ይዞ መጣ። ወልደሚካኤል ከቢቸና መጥቶ አሥራ አንድ ዓመት መርካቶ የተሸከመ ሰው ነው፤ ለኔ ብቻ ስድስት ዓመት፣ ከጎጃም በረንዳ መጋዘን እስከ ሁለተኛ ፎቅ። እዚህ ሰፈር ተሸካሚ የሚቀጠረው በጫንቃው አይደለም፣ በስሙ ነው። ዕቃህን አሸክመኸው አንተ በሌላ መንገድ ትሄዳለህ፤ ይዞ ቢሰወር ማን ያገኘዋል? ወልደሚካኤል ግን አንድ ቀን አንዲት ክንድ ጨርቅ አጉድሎብኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ሸክም አውርዶም አያርፍም፤ ያወረዱት ሸክም ሲያነሱት እጥፍ ይከብዳል ይላል። ቴሌቪዥን የለውም። ስልኩም ቁልፍ የሚጫኗት ትንሿ ናት።

ጎንበስ ብሎ ሲገባ መጋረጃ ሲመርጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች መምረጣቸውን ተዉት። አንደኛዋ የሌላዋን እጅ ጨበጠች፣ ስልኳን አውጥታም ፎቶ አነሳችው። «እሱ ነው» ስትል ሰማኋት። ዞር ብዬ ባይ አረንጓዴ ሹራብ፣ ክርኑ የተተረተረ። ስድስት ዓመት ዕቃዬን ሲያመላልስ የማየው የጨርቅ ጣቃውን ነው፣ ከጣቃው ሥር ደግሞ ጎንበስ ያለ ጀርባ። ፊቱን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሹራቡን እንኳን ከቴሌቪዥን ነው ያወቅሁት። ይህን ስናገር አሁንም አፍራለሁ።

ሴቶቹ ሳይገዙ ወጡ። አስቀምጬ ጠየቅሁት። ነገሩ ትዝ አለው። አንድ ቀን ካሜራ የያዙ ሰዎች መጋዘኑ በር ላይ መንገድ ዘግተው ቁም አሉት። እሱ የደንበኛ ምስር ተሸክሟል፤ ኩንታል ጫንቃው ላይ ይዞ እንዴት ይቆማል? አለፈ። ሁለተኛውን ኩንታል ይዞ ሲመለስ እነሱ ልብስ ቀይረው አሁንም እዚያው አሉ፤ አሁንም አለፈ፣ ጮኹበት፣ ቀና ብሎ አያቸው፣ በቃ። ለካ የድሮውንም የአሁኑንም በአንድ ቀን ኖሯል የቀረጹት! ሳቄ መጣ። የማስረሻ ትንታኔ እኮ እውነት ወጣ ብዬ ሳቅሁ። ወልደሚካኤል አልሳቀም።

ሰሞኑን ሁሉ ሰው እየተከተለው ፎቶ ሲያነሳው፣ በሄደበት ሲጠቋቆምበት መክረሙን ነገረኝ። ሁለት ደንበኞቹ ሸክም ከልክለውታል፤ አንደኛው የዘመድ ልጅ መጥቷልና እሱ ይሸከም ብሎ፣ ሌላው ምክንያት እንኳን ሳይሰጥ። በሚያድርበት ሰፈር ልጆች ገዳይ ይሉታል። በማያውቀው ነገር ፖሊስ የሚፈልገው መስሎት፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ድራማ ነው፣ ጨዋታ ነው ብዬ እንዳቅሜ አስረዳሁት። ሰማኝና፣ «ማንን ገደለ ነው የሚሉኝ፣ እትዬ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ እኔ ላይ የተጋባው። መርካቶን አውቃታለሁ። እዚህ አንድ ሰው «ያዙት» ካለ ማን፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም በእጁ የገባውን ይዞ ይሮጣል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያየሁትን አልናገርም። ወደ ማስረሻ ሄጄ አሁኑኑ አጥፋው አልኩት። እሁድ ክፍል ዘጠኝ ይታይና አጠፋዋለሁ፣ ሰው እየጠበቀ ነው አለኝ። የሰደብኩትን ስድብ ሁዛይፋ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። በመጨረሻ አጠፋው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሌሎቹ ገልብጠው ወስደውታል።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሶማሌ ተራ ላለ ደንበኛ ሁለት ጣቃ ማድረስ ነበረብኝ። ሥራ እንዳይቀርበት ብዬ ወልደሚካኤልን ጠራሁት፤ ብቻውን እንዳይሄድ ደግሞ እኔ ከፊት ከፊት ሄድኩ። ገበያው ጢም ብሏል። ቡና ቤት ደጃፍ ከቆሙ ጎረምሶች አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሳቀ፣ «ገዳዩ! ገዳዩ ያውላችሁ!» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። እነሱ ድራማውን ያውቃሉ። ከወዲያ ያሉት ግን አያውቁም፤ የሰሙት ገዳይ የሚለውን ብቻ ነው። ወልደሚካኤል እርምጃውን አፈጠነ። የሰው ጣቃ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ደግሞ እዚህ ገበያ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። ማን እንዳለው አላየሁም፣ «ሌባ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተነሳሁት ልሸሽ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ ወደሱ ተመመ፣ እኔንም ገፍቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈኝ። በሰው እግር መሀል አየሁት፤ ቁጢጥ ብሏል። ጣቃውን ጥሎ ፊቱን በእጁ መከለል ይችል ነበር። እሱ ግን ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ጨርቄን እንደያዘ ነው። የሳጥን ጣውላ ጭንቅላቱ ላይ ሲያርፍም አልለቀቀም። ያንን ሳይ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ ጣቃው ላይ ወድቄ፣ «ዕቃው የኔ ነው! ሰውዬውም የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ቀስ በቀስ ጋብ አለ። የሚያውቁኝ ሁለት ነጋዴዎች መጥተው ቆሙልኝ። ጣውላ የያዘው ሰውዬ ታዲያ ለምን ሮጠ ብሎ እኔኑ ተቆጣኝ። ስለሮጣችሁበት ነዋ አልኩት። ጣውላውን አስቀምጦ ሄደ፤ ይቅርታ እንኳን አላለም። አንዱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ አየውና የድራማው ሰውዬ መሆኑን ጠየቀኝ፣ ከዚያ ከደሙ ጋር ፎቶ ሊያነሳው ስልኩን አወጣ። እጁን መትቼ ጣልኩበት።

ክሊኒክ ወስጄው ቅንድቡ ላይ አራት ቦታ ሰፉት። ሱቅ ተመልሰን ሲቀመጥ ማስረሻ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል፣ አንዴ ውሃ ያቀብላል፣ አንዴ ይቅርታ ይላል። ወልደሚካኤል አልተቆጣውም። እኔን ግን አንድ ነገር ለመነኝ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንድጽፍለት። ወረቀት ቢኖረው ያሳያል፣ ካሳየ ማን ይነካዋል? እኔም ጻፍኩለት። ወልደሚካኤል የሚባለው ይህ ሰው ስድስት ዓመት የማውቀው ታማኝ ሠራተኛ ነው፣ ድራማ ውስጥ የታየው ሸክም ይዞ ሲያልፍ ነው፣ ድራማውም ላይ ሆነ ከድራማው ውጭ ሰው አልገደለም ብዬ የሱቄን ማኅተም መታሁበት። እንዲህ ያለ ወረቀት በዓለም ላይ ተጽፎ ያውቃል? ማስረሻ እንዳይርስ ብሎ በፕላስቲክ አሸገለት።

ማንበብ ስለማይችል ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ተቀብሎኝ አገላብጦ አየው። ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰው። ደረት ኪሱ ውስጥ ሊከተው ብሎ መሀል ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ሊመታኝ የሚሮጥ ሰው ቆሞ ያነባል?» አለኝ።

ማስረሻ መሬት መሬቱን አየ። ወልደሚካኤል ወረቀቱን ከተተና ጎጃም በረንዳ የሚጠብቀው ሸክም እንዳለ ነግሮን ተነሳ። መጋረጃ የሚገዙ ሰዎች ደረጃውን እየወጡ ነበር። ሱቄን ዘግቼ አብሬው ወረድኩ።