አባት የሚቀድምበት አገር

ከመንዝ ዘመሮ በወጣሁበት ሌሊት አባቴ የበግ ጠጉር ባናቸውን አለበሱኝ። «ጀርመን ብርድ ነው ይላሉ» አሉ። ጓሳ ጥግ ላደገ ሰው ብርድ ምኑ ነው ብዬ ልቀልድ ስል ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁና ተውኩት። አውቶቡሱ ጡሩምባ ሲነፋ «ሥራህ ሲጸናልህ ደውል» አሉኝ።

አብራችሁኝ ፊዚክስ ያስተማራችሁ፣ እናንተም ቪዛ የምትጠብቁ፣ ስሙኝ። እዚህ የመጣሁት ለአውስቢልዱንግ ነው፤ እየሠሩ መማር ማለት ነው። የገባሁት ጋራዥ ነው። የሙከራ ጊዜዬን ካላለፍኩ ውሌ ይፈርሳል፤ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮት ይሄዳል። ብርዱን ችዬዋለሁ፤ ጥቁር ዳቧቸውም የገብስ አገር ሰውን አያስቸግርም። ያስቸገረኝ ስሜ ነው፤ እዚህ ሰው የሚጠራው በአባት ስሙ ነው። አከራዬ ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ሊንደ የበሩ ደወል ላይ «ተሾመ» ብለው ለጠፉ።

«ተሾመ እኮ አባቴ ናቸው» አልኳቸው።

«እሳቸውም ሊገቡ ነው? የተከራየኸው ለአንድ ሰው ነው!»

«ኧረ እሳቸው መንዝ ናቸው።»

«ታዲያ ስማቸው እዚህ ምን ይሠራል?»

«የለጠፉት እኮ እርስዎ ነዎት!»

በመጨረሻ አዘኑልኝና «ሞላ» የሚለውን ስሜን ከሥር ጨመሩልኝ።

ወደ ጋራዡ ልመልሳችሁ። ሞተር የራሱ ኮምፒውተር አለው። ኮዱ ሲገለጥ የቁጥር ሰልፍ ብቻ ነው፤ ይህ የሙቀት፣ ያ የፍጥነት የሚል ምልክት የለውም። ቁጥሮቹ የሚያድሩት ባይት በሚባሉ ትንንሽ ቤቶች ነው፤ አንዱ ቤት ከ255 በላይ አይችልም። 850ን ለማስቀመጥ ስለዚህ ሁለት ቤት ያስፈልጋል። ትልቁ ቤት ባለ 256 እሽጎችን ይቆጥራል፣ ትንሹ ትርፉን ይይዛል። ሦስት እሽግ 768 ነው፤ ትርፉ 82፤ ድምሩ 850። ሰሌዳ ቢኖረኝ እስልላችሁ ነበር።

የጋራዡ ባለቤት ሄር፣ ማለትም አቶ፣ ክራውዘ አንድ የውድድር መኪና ሰጡኝ። ቆሞ ሲሠራ በደቂቃ 850 ጊዜ የሚዞረው ሞተር 900 እንዲዞር ደንበኛው ጠይቋል። እንደምንጽፈው ትልቁን አስቀድሜ «3፣ 82» ፈለግሁ። አንድ ቦታ አገኘሁ፤ 82ቱን 132 አደረግሁት። ሞተሩን ሳስነሳው ገና ሳይሞቅ የማቀዝቀዣው ፋን ይጮሃል፤ ለካ የነካሁት የፋኑን ቁጥር ነው፤ ሞተሩ ግን ሲሞቅም እንደ ድሮው በ850 ይዞራል።

«ሄር ተሾመ፣ ደንበኛው ፋን አላዘዘም» አሉ። የሠራሁት በቅጂ ላይ ስለነበር ዋናውን ኮድ መመለሱ ቀላል ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሉ፦ «የሙከራ ጊዜህ ነገ ያልቃል። ወይ ይህን ታስተካክላለህ፣ ወይ እንሰነባበታለን።»

ወደ ቤት ሄጄ ደወሉ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከላይ ተሾመ፣ ከሥር ሞላ። ሰውየው አንድ ነው፣ ስሞቹም ያው ሁለቱ ናቸው፤ የተለየው ማን ይቀድማል የሚለው ነው። መንዝ ገብቶ «ተሾመ ሞላ» እያለ የሚጠይቅ ሰው እኔን ሊያገኘኝ አይችልም። እኔስ ኮዱ ውስጥ የምጠይቀው በአገሬ ተራ አይደል?

ጠዋት «82፣ 3» ብዬ ፈለግሁ። ነበረ! በእኔ ተራ ሲነበብ 20,995 ስለሚሆንና እንዲያ የሚዞር ሞተር ስለሌለ አይቼው አልፌው ነበር። አሁን ግን አልቸኮልኩም። ጎረቤቶቹንም ትንሹን እያስቀደምኩ አነበብኳቸው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከፍ፣ ሲሞቅ ዝቅ የሚሉ ፍጥነቶች ሆኑ። ቤቱ ይህ ነው። 82ቱን 132 አደረግሁና ሞተሩን አስነሳሁ። ሲሞቅ 900 ላይ ረጋ።

ሄር ክራውዘ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። «ፋኑስ?»

«አርፎ ተቀምጧል።»

«እንግዲያው ሰኞም ና።»

እጄን ሳልታጠብ ደወልኩ። «አባባ፣ ሥራው ጸናልኝ!»

«ተመስገን» አሉና «መቼ ትመጣለህ ታዲያ?» ብለው ጠየቁ።

ይህን ጊዜ ሄር ክራውዘ ከጋራዡ ውስጥ «ተሾመ!» ብለው ተጣሩ።

«አቤት!» አሉ አባቴ፣ ከመንዝ።