በጥፊ የተገኘች ሐኪም

የአውቶቡስ ሾፌሮች «ፍሬኗ» ይሏታል። በኋላ በር በኩል ሆና «ወራጅ አለ» ስትል የሾፌሩ እግር ሳያስበው ፍሬን ይረግጣል፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት በዚሁ ነው። ትኬት መቁረጥ የጀመረችው ከማግባቷ በፊት ነው። የገፋትን ትገፋለች፣ የቀለደባትን ትቀልድበታለች፣ ቤቷ ስትገባ ግን ሁሉንም ረስታ ነው።

ነገሩ የደረሰው አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ነበር። አንድ ወጠምሻ «ትኬት አልቆርጥም» አላት።

«እንግዲያው ውረድ።»

የያዘውን ጠርሙስ ከመቀመጫው ብረት ጋር አጋጭቶ ሰበረና በቀረው ስባሪ ጉንጯን ሸረከተው። ከወደቀችም በኋላ ጎኗን እየደጋገመ በጫማው ረገጣት። መሸሽ የቻለ ሁሉ ወደ ፊት በር ሸሸ። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ ብረት ይዞ፣ በሰዉ መሀል ተጋፍቶ እስኪደርስላት የጎድን አጥንቷ ተሰብሮ ነበር።

ጉንጯ ተሰፋ፣ አጥንቷም ገጠመ። እሷ ግን እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ድምፁ ከስፌት መኪናው ድምፅ የማይበልጥ ሰው። አንድ ቀን ሳህን ስታጥብ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ነካ ቢያደርጋት ዞር ብላ በድስት አፉን አለችው። ሁለት ጥርሱ ከሳህኖቹ መሀል ወደቀ። ደሙን በመዳፉ ይዞ «እኔ ነኝ እኮ» አላት። እሷማ አውቃው ነበር፤ እጇ ነው ቀድሟት የሄደው።

መሥሪያ ቤቷ ወደ አንድ የአእምሮ ሐኪም ላካት። ሐኪሙ በሄደች ቁጥር «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» ይላታል። እሷም ትነግረዋለች፤ ጠርሙሱን፣ ጫማውን፣ ደሟን። ነግራው ስትወጣ ጡጫዋ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነው። አንድ ቀን ከዚያ ወጥታ መንገድ ስትሻገር ጡሩንባ የነፋባትን መኪና መስተዋት በክርኗ አደቀቀችው። ሁለተኛ አልተመለሰችም።

ባሏ ተስፋ አልቆረጠም። በወለቀው ጥርሱ እየተንተባተበ «አዎንታዊ ሥነ ልቦና የሚባል አለ» ብሎ ወደ አንድ አዳራሽ ወሰዳት። መድረኩ ላይ የሚያብረቀርቅ ሱፍ የለበሰ አሠልጣኝ ሰዉን ያስጨበጭባል። ጠባሳዋን አይቶ ወደ ላይ ጠራትና ከየት እንደመጣ ጠየቃት። ነገረችው።

«ይህን ያደረገብሽን ሰው አመስግኚው» አለ። «ጠንካራ ያደረገሽ እሱ ነው።»

«እሱ ባይመታኝ ጠንካራ አልሆንም ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«በፍጹም።»

በጥፊ አጮለችው። ጥፊው በማይክሮፎኑ አልፎ አዳራሹን ሞላው። ጎንበስ ሲል ጆሮ ግንዱን ደገመችውና «በል አሁን አመስግነኝ» አለችው። ጥበቃዎቹ ጎትተው ከደረጃው ወረወሯት፤ ጉልበቷ ተላጠ።

ባሏ ይቅርታ ሲለምን ውስጥ ቀረ። እሷ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ ደሟን ስትጠርግ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት አጠገቧ መጥታ መሐረብ ዘረጋችላት።

«የሥነ ልቦና ሐኪም ነኝ፤ እሱ ሲቀልድበት የነበረው ሙያ የኔ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ምን እያለ እንደሚሰብክ ልሰማ ነበር የመጣሁት።»

«አንቺም አመስግኚ ልትይኝ ነው?»

«አይደለም። ለደበደበ ሰው ምስጋና የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም። ጥፊውም ግን ልክ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለተኛው በተለይ።»

ፍሬኗ ሳታስበው ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ጉንጯን አመማት።

በሳምንቱ የሄደችበት የሴትዮዋ ክፍል ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ፎቅ ላይ ነው። ፍሬኗ ወንበሯን ስባ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ሐኪሟ «ምን አደረገሽ?» ብላ አልጠየቀቻትም።

«አንቺስ ምን አደረግሽ?» ነው ያለቻት።

«ምን አደርጋለሁ? ተረገጥኩ።»

«ከዚያ ሌላ?»

ንዴቷ መጣ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አንስታ ከግድግዳው ጋር አላተመችው። ሐኪሟ አልጮኸችም። «ነይ፣ አብረን እናንሳው» ብላ ተንበረከከች። ሁለቱም ወለሉ ላይ ሆነው ስብርባሪውን ሲለቅሙ ፍሬኗ እጇን አቆመች።

«ነክሼዋለሁ» አለች። «ባቱን። ደሙ አፌ እስኪሞላ። እንደ ውሻ። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ለምን ነከስሽው?»

«መጀመሪያ ጥሎኝ አልፎ ነበር። መሸሽ ያልቻለች አሮጊት ኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ ስባሪውን ይዞ ወደ እሷ ሄደ። ስነክሰው ነው ተመልሶ የረገጠኝ።»

«አሮጊቷስ?»

«አልነካትም።»

ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «እንግዲህ ከዚህ እንጀምራለን» አለች።

ወዲያው አልዳነችም። በዚያው ወር ሰልፍ ላይ የገፋቻትን ሴት ፀጉር ይዛ ጎትታለች። ሐኪሟ አልሸነገለቻትም፤ ሄዳ ይቅርታ እንድትጠይቅ አደረገቻት። ከዚያ በየሳምንቱ እጆቿ ከመማታት ሌላ ምን እንደሠሩ ትጠይቃት ነበር። ፍሬኗ መጀመሪያ በብስጭት፣ ቀስ በቀስ ግን እያሰበች መመለስ ጀመረች።

ወጠምሻው ያኔውኑ ተይዞ ነበርና የፍርድ ቤት ቀጠሮው ደረሰ። የወጠምሻው ጠበቃ ተነሥቶ «ደንበኛዬ ባት ላይ የንክሻ ጠባሳ አለ፤ ጠቡን የጀመረችው እሷ ናት» አለ።

ፍሬኗ ቆመች። «ነክሼዋለሁ። አሮጊቷ ላይ እንዳይደርስ ነው የነከስኩት።»

አሮጊቷ በምስክርነት ቆማ ይህንኑ ስትናገር ወጠምሻው አግዳሚውን ዘልሎ የፍሬኗን ጉሮሮ አነቀ። እሷም ሁለቱን የእጅ አንጓዎቹን ጨምድዳ ይዛ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ፖሊሶች እስኪደርሱ አልለቀቀችም። መሬት ላይ ሲደፍቁት ፊቱ ከጫማዋ ጫፍ ሥር ነበር። እግሯ ለመርገጥ ተነሣ። ወደ ኋላ ወሰደችው።

ወጠምሻው ተፈርዶበት በካቴና ሲወጣ ባሏ ኮሪደሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። አንገቷ ላይ የወጠምሻው ጣቶች ምልክት ቀልቷል።

«አልመታሽውም» አላት።

«አልመታሁትም።»

«አሰኝቶሽ ነበር?»

«አሁንም ያሰኘኛል» አለችና እጁን ያዘች።