ሠላሳ አራት ግንበኞች፣ ሠላሳ አራት ዜሮ

ሲስተር ሃያ ስምንት ዓመት በድንገተኛ ክፍል ነርስ ሆና ሠርታለች። ጡረታ ወጥታ የጎረቤቱን ሁሉ የደም ግፊት ለክታ ስትጨርስ ቤት መቀመጡ አልሆንልሽ አላትና ሌላ ሥራ ያዘች፤ ለጥናት ሰዎችን መጠየቅ።

ጥናቱ የሚፈልገው ግልጽ ነው። በሥራ ዘመናቸው ጭንቅላታቸውን የተጎዱ ሰዎች፣ ሲያረጁ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ካልተጎዱት ይበልጣል ወይ? ከበለጠስ በምን ያህል? ይህን ለማወቅ ሰዎቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ የተጎዱት ወዲህ፣ ያልተጎዱት ወዲያ። ከዚያ ከየወገኑ ስንቱ መርሳት እንደጀመረ ይቆጠራል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉም ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው። የተጎዳው ሰው በስህተት ካልተጎዱት ጋር ከተመዘገበ ሁለቱ ወገኖች ይመሳሰላሉ፣ ልዩነቱም ይጠፋል። ጉዱ ይኸው ነው፤ ማንም ሳይዋሽ ውሸት ይወጣል!

ሲስተር የምትጠይቅበት ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ አልዘጋ ብሎ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ መስኮት። ሰኞ ጠዋት አንድ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ከሚስታቸው ጋር ገቡ።

“ጋሼ፣ ጭንቅላትዎን ተጎድተው ያውቃሉ?”

“በጭራሽ! ጭንቅላቴስ ደህና ነው፤ የከዳኝ ጉልበቴ ነው።”

ዜሮ ጻፈች። ከእሳቸው በፊት የጠየቀቻቸው ሠላሳ ሦስት ግንበኞችም ያንኑ ነበር የመለሱት። እንዴት ያሉ ጠንቃቃ ሰዎች ናቸው ብላ ነበር።

ግንበኛው የኮታቸውን እጅጌ ሲፈልጉ ሚስታቸው ከበሩ ላይ፣ “ቶሎ በል እንጂ ድመቱ! አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው” አሉ።

“ድመቱ? ለምን እትዬ?”

“የሥራ ጓደኞቹ ናቸው ያወጡለት። ከመወጣጫ ሦስቴ ወድቆ፣ ሦስቴም ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ሦስቴም ተነስቶ ሥራው ላይ ወጣ።”

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ጋሼ! አሁን አይደል እንዴ በጭራሽ ያሉኝ?”

“እሱ ጉዳት ነው እንዴ?” አሉ ከልባቸው ተገርመው። “ጉዳትማ ሰው በቃሬዛ ሲሄድ ነው። እኛ ዘንድ የወደቀ ሰው በእግሩ መቆም ከቻለ በዚያው ቀን ተመልሶ ይወጣል፤ ያውም ከሁሉ ቀድሞ። ያለዚያ ሌሎቹ ይፈራሉ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ነገሩ አይነሳም።”

“ሦስተኛውን ንገራት እንጂ።”

“ሦስተኛውማ ከሁለተኛ ፎቅ ነው። ተነስቼ እስከ ማታ ስገነባ ዋልኩ። በማግስቱ አንድ አዲስ ግድግዳ አየሁና ‘ይሄን ማን ገነባው?’ ብል፣ ‘አንተ ነህ’ አይሉኝም! ቱምቢ ጥዬ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ውልፍት አላለም።”

ሚስትየው ሳቁ። ሲስተር ግን አልሳቀችም። ከምት በኋላ ያለው ጊዜ ከትውስታ መጥፋቱ አንጎል መናወጡን ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ነው። እጅ የለመደውን ሥራ ይሠራል፤ ውስጥ ሆኖ የሚመዘግብ ግን የለም።

“ታዲያ እንግዲህ መርሳቱ አይቀርለትም?” አሉ ሚስትየው፣ ሳቃቸው ጠፍቶ።

“ያንን ማንም ሊነግርዎት አይችልም እትዬ። ጥናቱ ስለ ብዙ ሰው እንጂ ስለ አንድ ሰው አይናገርም። ወድቀው በደህና የሚያረጁ ብዙ ናቸው። ግን ምቱ መርሳት ያመጣ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ መውደቃቸውን ማወቅ አለብን።”

ዜሮውን ሰርዛ ሦስት ጻፈች። ቀሪዎቹ ሠላሳ ሦስት ቅጾች ግን ገቢ ሆነዋል። ጥያቄውን እንዲያ አድርጋ የጻፈችውም ራሷ ነበረች። ደረጃውን ወጥታ ጥናቱን የምትመራውን ዶክተር ‘ሁሉንም እንደገና ልጠይቃቸው’ አለቻት።

“መዝገቡ ዓርብ ይዘጋል እኮ ሲስተር” አለች ዶክተሯ።

“እንዲያ ከሆነ ግንበኛን ሁሉ ‘መውደቅ ምንም አያመጣም’ ልንለው ነው። በእኔ እጅ ጽሑፍ!”

ዶክተሯ ቀን መቁጠሪያውን አየች። “እስከ ሐሙስ ማታ ከጨረሱ ይሁን።”

ሲስተር የምትጠይቀውን ቀየረች። ስልክ እየደወለች፣ “ወድቀው ጭንቅላትዎን ተመትተው በዚያው ቀን ተመልሰው የወጡበት ጊዜ ነበር?” አለች። የመጀመሪያው ሰውዬ በሳቅ ፈነዱ። “አዬ ሲስተር፣ የትኛውን ልንገርሽ?”

እስከ ሐሙስ ማታ ሠላሳውን አገኘች። አሥራ ሰባቱ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል፤ አንደኛው አምስት ጊዜ። ሦስቱ ስልክ አላነሱም። እያንዳንዳቸው ጋ ስድስት ስድስት ጊዜ ደወለች፤ ከዚያ ቅጾቻቸውን አወጣችና ዜሮዎቹን ሰርዛ “አይታወቅም” ብላ ጻፈች፤ ከጎኑም ፈረመች።